የፕራዶን የኋላ ፍሬን ሸራ በራስ ግቢ መቀየር

ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል ስወርድ ነው የሰማሁት። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከኋላ በቀኝ በኩል ቀጭን ፉጨት ይወጣል። ብዙ ሸራዎች ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ሸራው ሳስቶ ሊያልቅ ሲል ምላሷ ዲስኩን እየነካች ትጮሃለች። እንድትጮህ ተብላ ነው የተሠራችው። ፉጨቱ ወደ ሻካራ የብረት ፍጭት ከተቀየረ ግን ሸራው አልቆ ላሜራው (ሸራው የተጣበቀበት የጀርባ ብረት) ዲስኩን እየበላ ነው ማለት ነው። ያኔ ወጪው ሸራ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ዲስክም ይጨመርበታል።

መኪናችን ፕራዶ 120 ነው። ቤታችን ግንፍሌ አካባቢ ነው፤ ግቢያችን ሲሚንቶ የተለሰነ ቢሆንም ወደ በሩ ትንሽ ያዘነብላል። የኋላ ሸራውን እዚያው ከወንድሜ ጋር እንቀይራለን። የመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ቀን ፈጀብን። አሁን ለሁለቱም ጎማ ሁለት ሰዓት ይበቃናል።

ሸራ መቀየር በራሱ ቀላል ሥራ ነው። ከባዱ መኪናው ነው። ፕራዶ ባዶውን ወደ 2 ቶን ይመዝናል። በክሪክ የተነሳ 2 ቶን ደግሞ ሰበብ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ስለ ማንሳትና ስለ መደገፍ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ሌላውን ክፍል ቸኩላችሁ ብታነቡትም፣ ያንን ግን በእርጋታ አንብቡልኝ።

መጀመሪያ የኋላ ፍሬናችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ እዩ

በቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ አጮልቁ። የሚያብረቀርቅ ጠፍጣፋ ብረት ካያችሁ ዲስክ ነው። ድፍን፣ ቆርቆሮ ድስት የሚመስል ነገር ካያችሁ ታምቡር ነው። ሃይሉክስና ሃይስ ከኋላ በአብዛኛው ታምቡር ናቸው። የታምቡር ሥራ በሞላና በመንጠቆ የተሞላ ስለሆነ ራሱን የቻለ ትምህርት ይፈልጋል። እዚህ የምነግራችሁ ከኋላ ዲስክ ስላላቸው እንደ ፕራዶና ላንድክሩዘር ስላሉት ነው።

ሁለት ዓይነት መኪናዎችን ግን በቤት ባትነኩ ይሻላል። አንደኛው የእጅ ፍሬኑ በቁልፍ ተጭነው የሚይዙት ኤሌክትሪክ የሆነ አዲስ ሞዴል ነው። እዚያ ፒስተኑን፣ ማለትም ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚገፋውን ብረት፣ የሚያንቀሳቅስ ሞተር ስላለ፣ በኮምፒውተር ወይም በልዩ አካሄድ ሳይለቀቅ በግድ ቢገፋ ይሰበራል። ሁለተኛው ፒስተኑ እየተሽከረከረ የሚገባበት ካሊፐር (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ክፍል) ያለው መኪና ነው፤ ያለ መሣሪያው አይሆንም። በፕራዶ 120 ላይ የእጅ ፍሬኑ በዲስኩ ሆድ ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ ትንሽ ታምቡር ነው። ስለዚህ ካሊፐሩ ከእጅ ፍሬኑ ጋር አይገናኝም፣ ፒስተኑም በቀጥታ ተገፍቶ ይገባል። ይህ ነገሩን በጣም ያቀልላል።

የኋላው ሞላ በአየር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከማንሳታችሁ በፊት የከፍታ ማስተካከያውን አጥፉት። አለበለዚያ መኪናው ተነስቶ ሳለ ራሱን ለማስተካከል ሊሞክር ይችላል።

ሸራ ስትገዙ

መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የመኪናውን ስም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። "የፕራዶ የኋላ" ካላችሁ አራት ዓይነት ሊወጣላችሁ ይችላል። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥርና የምርት ዘመን ይዛችሁ ሂዱ። ከተቻለ ቀድማችሁ አንድ ጎማ ፈትታችሁ የድሮውን ሸራ ፎቶ አንሱት። አንዱ ትንሽ ጆሮ ቦታው ከተለየ አይገጥምም፤ ሻጩም ከታሸገ ሳጥን የወጣ ዕቃ መመለስ ላይወድ ይችላል።

ሳጥኑን ክፈቱና ዕቃውን ራሱን እዩት። ሸራው ላሜራው ላይ ዳር እስከ ዳር ተጣብቆ መቀመጥ አለበት። በጥፍራችሁ ስታስሱት ክፍተት ካገኛችሁ ተዉት። አራቱም ሸራዎች ውፍረታቸው አንድ መሆን አለበት። በአሮጌ ላሜራ ላይ እንደገና የተለጠፈ ሸራ በርካሽ ቢቀርብላችሁም ለዲስክ ፍሬን አትግዙት። የተለጠፈው ሲግል ቢላቀቅ መኪናው እንዲቆም የሚያደርገው ነገር ከቦታው ወጣ ማለት ነው። ለአንድ ጎን ብቻ መግዛትም የለም። ግራና ቀኝ አብረው ይቀየራሉ፤ ካልሆነ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል።

አብራችሁ ግዙ፦ ለካሊፐር የሚሆን የሲሊኮን ግሪስ፣ የታሸገ የፍሬን ዘይት፣ ከተገኘ ደግሞ ሸራው የሚቀመጥባቸውን ቀጫጭን የብረት ክሊፖች። የፍሬን ዘይቱን ዓይነት ከዘይቱ ማጠራቀሚያ ክዳን ላይ አንብቡ፤ በእኛ መኪና ዶት 3 ይላል። ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ አትግዙ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ይህ ቁጥር ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከእንጦጦ እስከ አራት ኪሎ ፍሬን እየያዛችሁ ስትወርዱ የሚፈጠረውን ሙቀት አስቡት። የፈላ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉም እንደ ስፖንጅ ወደ ውስጥ ይሰምጣል።

መሣሪያ

የጎማ መፍቻ 21 ቁጥር። ለካሊፐሩ 14 እና 17 ቁጥር ቁልፍ፤ የትኛው እንደሚሆን ሞዴሉ ይወስነዋል። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ትንሽ ሞርሳ፣ አንድ ክንድ የሚሆን ጠንካራ ሽቦ፣ ጓንት፣ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ማስክ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ አንድ ሃይላንድ የሳሙና ውሃ። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከፋርማሲ ግዙ፤ በኋላ ታዩታላችሁ።

ክሪኩና የብረት መደገፊያው ለብቻቸው ይነገርላቸው። መካኒኮች ካቫሌቶ የሚሉት ባለ እግር የብረት መደገፊያ ከሌላችሁ ይህን ሥራ አትጀምሩ። ቢያንስ 3 ቶን የሚችል ይሁን። መግዛት ካልፈለጋችሁ ከሰፈር ጋራዥ ለግማሽ ቀን ተከራዩት ወይም ተዋሱት። ብሎኬት መደገፊያ አይደለም። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ክብደቱ አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ድንጋይ መደራረብም እንደዚያው ነው።

መኪናውን ማንሳት

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጎማውን መንከባለል ለመከልከል ከግቢው ዳር ያገኘሁትን ክብ ድንጋይ የፊት ጎማ ሥር አስቀመጥኩ። ታክሲ ረዳቶች ዳገት ላይ ሲያደርጉት እያየሁ ያደግሁት ነው። ካቫሌቶውን ገና አላስገባሁም ነበር። ጎማውን ፈትቼ ዘወር እንዳልኩ ድንጋዩ በሲሚንቶው ላይ ተንሸራተተ። መኪናው አንድ ስንዝር ያህል ሄደ፣ ክሪኩ ተጋደመ፣ ዲስኩ መሬቱን መታው። ከዚያ ከአንድ ደቂቃ በፊት እጄ እዚያው ሥር ነበር። ወንድሜ ከቤት ሮጦ ሲወጣ የነበረው ፊቱ እስካሁን አይጠፋኝም። ከዚያ ቀን በኋላ የምናደርገው እንዲህ ነው።

ቦታው ደረቅ፣ ጠንካራና ሜዳ ይሁን። አፈርና ኮብልስቶን ላይ አንሠራም። ክረምት ላይ በዝናብ አንሠራም። ግቢያችሁ እንደኛ ካዘነበለ መኪናውን የተሻለ ሜዳ የሆነው ማዕዘን ላይ አቁሙት፤ ከሌለ የሜዳ ግቢ ያለው ጎረቤት ለምኑ።

ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በተቆረጠ የእንጨት ሽብልቅ ያዙ። አናጢ ቤት ከወዳደቀ ወፍራም ጣውላ አራት ሽብልቅ ይቆርጡላችኋል። ክብ ነገር አይሁን። ሽብልቁን በእግራችሁ መታ መታ አድርጋችሁ ጎማውን ነክሶ እንዲይዝ አድርጉት።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ማርሹን "ፒ" ላይ አድርጌ የእጅ ፍሬን ስቤያለሁ የሚል ሰው አይጠፋም። ሁለቱንም አድርጉ፤ ግን አትመኑባቸው። አንዱ የኋላ ጎማ አየር ላይ ሲወጣ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል) ያ ጎማ በነጻ እንዲዞር ይፈቅድለታል፤ ስለዚህ ማርሹ የያዘው መኪናውን አይደለም። የእጅ ፍሬኑም የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። አንዱ ተነስቷል፤ መሬት ላይ የቀረው አንድ ጎማ ብቻ ነው ማለት ነው። የፊት ጎማዎቹን በደንብ የሚይዝላችሁ ሽብልቁ ነው።

ከማንሳታችሁ በፊት የጎማውን ቡሎኖች ሩብ ዙር ብቻ አላሉ። ጎማው መሬት ላይ ሳለ ነው የሚላላው። አየር ላይ ሆኖ በሙሉ ጉልበት ቡሎን መታገል መኪናውን ከክሪኩ ያወርደዋል።

ከዚያ ክሪኩን ከኋላው አክስል ቧንቧ ሥር፣ ለምትፈቱት ጎማ በቀረበው በኩል አስገቡ። የፍሬን ቱቦ ወይም ገመድ በመሃል እንዳይያዝ በእጅ ባትሪ እዩ። ጎማው ከመሬት ሁለት ሦስት ጣት እስኪለቅ አንሱት። ካቫሌቶውን አክስሉ ሥር አስገቡና ክብደቱ ካቫሌቶው ላይ እስኪያርፍ ክሪኩን ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ክሪኩን ግን አታውጡት፤ እየነካ ይቆይ። ከዚያ መኪናውን ከጎን በሁለት እጅ ጠንከር አድርጋችሁ ግፉት። መንቀሳቀስ ካለበት አሁን ይንቀሳቀስ፤ እጃችሁ ሥሩ ሳይገባ። ጎማውን ፈትታችሁ ስታወጡ ደግሞ ሻንሲው ሥር አጋድሙት። ሁሉም ነገር ቢከዳ መኪናው የሚያርፈው ጎማው ላይ ነው።

ልጆች በግቢው ካሉ አንድ ሰው እነሱን ብቻ ይጠብቅ።

ካሊፐሩን ማውረድ

አሁን ዲስኩና ካሊፐሩ ይታያችኋል። ጥቁር አቧራ ይኖራል። አትንፉት፣ በጎሚስታ ኮምፕረሰርም አታስነፉት። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በሳሙና ውሃ አርጥቡትና በጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁን አስራችሁ ጣሉት።

አንድ ጎን ብቻ ፍቱ። ሌላኛው እንደታሰረ ይቆይ፤ "ይሄ ክሊፕ በየት ነበር?" ስትሉ የምታዩት እሱን ነው። ስልካችሁን አውጥታችሁም ፎቶ አንሱ።

ካሊፐሩን የያዙትን ሁለት ቡሎኖች ፍቱ። ቡሎኑ ሲፈታ ውስጡ ያለው ተንሸራታች ፒን (ካሊፐሩ ወዲያና ወዲህ የሚሄድበት ዘንግ) አብሮ የሚዞር ከሆነ በሌላ ቁልፍ ያዙት። ካሊፐሩ በእጅ ካልወጣ በካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ አላቁት። ሲወጣ በላስቲክ ቱቦው እንዲንጠለጠል አትተዉት። ቱቦው ውጪው ደህና መስሎ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። በሽቦው ከሞላው ጋር አስራችሁ ስቀሉት። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ሽቦውም እንዳይወጠር ተጠንቀቁ።

ከዚህ በኋላ ማንም ሰው የፍሬን ፔዳሉን አይርገጥ። ፒስተኑ ተገፍቶ ከቤቱ ይወጣል፣ ዘይቱም ይፈስሳል። እኛ መሪው ላይ ጨርቅ እናስራለን፤ ለራሳችንም ለሌላ ሰውም ማስታወሻ እንዲሆን።

የድሮ ሸራዎቹን አውጡና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አወዳድሩ፤ ሌላውን ጎን ስትፈቱም የእሱን ሸራዎች ከእነዚህ ጋር አወዳድሩ። ይህችን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘላታል፤ እኔ ግን ከሥራው ሁሉ በላይ የምወዳት እሷን ነው። የመኪናው ፍሬን ምን እያደረገ እንደከረመ ሸራው ላይ ተጽፏል። የውስጠኛው ሸራ አልቆ የውጪው ወፍራም ከሆነ ተንሸራታች ፒኖቹ ደርቀዋል ማለት ነው። አንዱ ጫፉ ብቻ ካለቀ ካሊፐሩ ተጣሞ ይይዛል። ከግራው የቀኙ በጣም ካነሰ ደግሞ ፒስተኑ ሳይመለስ እየቀረ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ሳታስተካክሉ አዲስ ሸራ ብታስገቡ እሱም እንደዚያው ያልቃል። ሸራው 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ እንቀይራለን፤ 1 ሚሊ ሜትር እስኪሆን አንጠብቅም።

ዲስኩንም እዩት። ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ መስመር፣ ስንጥቅ፣ በሙቀት የጠቆረ ነጠብጣብ ካለው አስለኩት። የመጨረሻው ዝቅተኛ ውፍረት በዲስኩ ላይ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ካነሰ ይቀየር።

ማጽዳትና ፒስተኑን መመለስ

ሸራው የሚቀመጥባቸውን ቦታዎች በሽቦ ብሩሽ ከዝገት አጽዱ። አዲሶቹን ክሊፖች አስገቡ። ሁለቱን ተንሸራታች ፒኖች አውጥታችሁ በጨርቅ ጥረጉ፤ ከዚያ የሲሊኮን ግሪሱን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ተራ ጥቁር ግራሶ አይሆንም፤ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ፒኑም ይነክሳል። ፒኑ በአንድ ጣት ወዲያና ወዲህ መሄድ አለበት። የላስቲክ ሽፋኑ ከተቀደደ አሁኑኑ ይቀየር፤ በክረምት ውሃና ጭቃ የሚገባው በዚያ ነው።

አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ፒስተኑ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። በመጀመሪያ ቦኔቱን ክፈቱና የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ እዩ። እስከ ላይ ሞልቶ ከሆነ በሲሪንጁ ትንሽ ቀንሱ፤ ፒስተኑ ሲገባ ዘይቱ ወደዚያ ተመልሶ ይሞላል፣ ሊፈስም ይችላል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡት።

የድሮውን ሸራ ፒስተኑ ፊት ላይ አስደግፋችሁ በሞርሳው ቀስ በቀስ አጥብቁ። ቀስ በቀስ የምለው ከልቤ ነው። ፒስተኑ ቀጥ ብሎ፣ ያለ ትግል መግባት አለበት። አልገባ ካለ ወይም ዙሪያው ዘይት ካረጠበ በጉልበት አትቀጥሉ። የውስጡ ጎሚኒ አልቋል። ካሊፐሩን መካኒክ ይክፈተው።

አዲሱን ሸራ ማስገባት

የብረት ምላስ ያለበት ሸራ እንደ ድሮው በነበረበት ጎን ይግባ። ከላሜራው ጀርባ የነበሩ ቀጫጭን ብረቶች ካሉ ወደ አዲሱ ይዛወሩ፤ ጩኸት የሚከለክሉት እነሱ ናቸው። ከላሜራው ጀርባና ከጆሮዎቹ ጫፍ ላይ በጣም ስስ ግሪስ ይበቃል። የሸራው ፊትና ዲስኩ ግን ግሪስ፣ ዘይት፣ የእጅ ላብም ጭምር አይንካቸው። ግሪስ የጠጣ ሸራ አይጸዳም፤ ይጣላል።

ካሊፐሩን መልሳችሁ ቡሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ አስገቡ፣ ከዚያ በቁልፍ አጥብቁ። ቱቦው እንዳልተጠመዘዘ እዩ። ጎማውን መልሱ፣ ቡሎኖቹን በእጅ ያዙ፣ መኪናውን አውርዱ፣ ከዚያ በተቃራኒ እየዘለላችሁ አጥብቁ፤ በተከታታይ ዙሩን አትሂዱ። በፕራዶ ላይ የጎማ ቡሎን 112 ኒውተን ሜትር ነው። የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ከሌላችሁ፣ 40 ሳንቲ ሜትር በሆነ እጀታ ጫፍ ላይ ወደ 28 ኪሎ የሚሆን ክብደት ማለት ነው። በእግር መርገጥ ከዚያ በጣም ይበልጣል፤ ቡሎኑን ያዘረዝረዋል።

ሌላውን ጎን እንደዚሁ ሥሩ። ሽብልቆቹን ከማንሳታችሁ በፊት ግን ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ርግጫዎች ባዶ ይሆናሉ፤ ፒስተኑ ገና ሸራውን አልደረሰውም። ፔዳሉ ወደ ላይ ወጥቶ ጠንካራ እስኪሆን ድረስ መኪናው ካለበት አይንቀሳቀስ። ጠንካራ ካልሆነ ወይም ቀስ እያለ ከሰመጠ አየር ገብቷል ወይም የሚያፈስ ቦታ አለ፤ በዚያ መኪና ከግቢ አይወጣም። የዘይቱን መጠን እዩና ጎደሎ ከሆነ በምልክቱ ልክ ሙሉ።

ማላመድ

አዲስ ሸራ ወዲያው በሙሉ አቅሙ አይዝም። ፊቱ ከዲስኩ ጋር መተዋወቅ አለበት። እኛ እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ባዶ ሳለ፣ ከለገሃር ወደ ሜክሲኮ ባለው ሜዳ መንገድ ላይ እናላምደዋለን። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ በእርምጃ ፍጥነት ፍሬኑን እንሞክራለን። ከዚያ መንገድ ላይ ከኋላ ሰው አለመኖሩን እያየን በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ወደ 10 ቀስ ብሎ ማውረድ፣ ትንሽ ነድቶ ማቀዝቀዝ፣ እንደገና መድገም። ወደ አሥር ጊዜ ያህል። ሸራው ግሎ ሳለ ፔዳሉን ረግጦ ቆሞ መቆየት ጥሩ አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ የሸራው አሻራ ዲስኩ ላይ ይቀራል፣ በኋላም ይንቀጠቀጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ሽታ ቢኖር አትደንግጡ። በቸርችል ጎዳና ቁልቁለትም ሆነ በእንጦጦ መንገድ በዚያው ቀን አትፈትኑት።

ስትመለሱ እጃችሁን ቸርኬዎቹ አጠገብ፣ ሳይነኩ፣ አስጠግታችሁ ሙቀታቸውን አወዳድሩ። አንዱ ጎን ከሌላው ልዩነቱ ግልጽ ሆኖ ከጋለ ፍሬኑ እየያዘ ነው፤ ተመልሳችሁ ፒኖቹን እዩ። በማግስቱ ጠዋት የጎማውን ውስጠኛ ገጽ ለእርጥበት ፈትሹ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ የጎማ ቡሎኖቹን እንደገና በቁልፍ ሞክሯቸው። እኛ የቀየርንበትን ቀንና የኪሎ ሜትሩን ንባብ በሸራው ሳጥን ክዳን ላይ ጽፈን፣ ክዳኑን ቆርጠን ከሊብሬው ጋር እናስቀምጣለን።